አንቱ የምለውን ሰው ከቤት ሳስወጣ

«ቁልፉን ቀይረው!»

ይህን ምክር ያልሰጠኝ ሰው የለም። ሥራ ቦታ፣ ቡና ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር። ተከራዬ ኪራይ መክፈል አቆሙ ባልኩ ቁጥር ሁሉም ሰው የቁልፍ ባለሙያ ይሆናል። «ቤቱ ያንተ አይደል እንዴ? ወጣ ሲሉ ጠብቅና ቀይረዋ! እሱም ካልሆነ መብራቱን አስቆርጥባቸው።»

እንዲህ ከሚሉኝ አብዛኞቹ አንድ ክፍል እንኳ አከራይተው አያውቁም። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቁልፍ የቀየረ፣ ውሃና መብራት የቆረጠ አከራይ ሕግ የጣሰው እሱ ነው። ተከራዩ የስንት ወር ውዝፍ ቢኖርበትም ለውጥ የለውም። ከሶ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ለደረሰበት ጉዳትና ለጠበቃውም ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ ምክሩን እየሰማሁ «እሺ» እላለሁ፤ ቁልፉን ግን አልነካሁትም።

ቤቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ብሎ ያለ ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ ደረጃው የሚንቋቋ፣ ቤዝመንቱ በክረምት የሚቀዘቅዝ። እኔና ባለቤቴ መጀመሪያ የገዛነው ቤት እሱ ነው። ልጆቹ ሲመጡ ጠበበንና ወደ ጀርመንታውን ወጣን። ያኔ ወለዱ ርካሽ ስለነበር ቤቱን ከምንሸጠው እናከራየው አልን። ኪራዩ 2,300 ዶላር ነው። ሞርጌጁ (የቤቱ የባንክ ብድር)፣ የሰፈሩ ማኅበር መዋጮ፣ ግብርና ኢንሹራንሱ ሲደመር 1,950 ይበላዋል። ቀሪው ማሞቂያው ቦይለር እስኪበላሽ ድረስ የእኛ ነው። «ባለ ሁለት ቤት» የሚሉን ሰዎች ይህን ሒሳብ አይተውት አያውቁም።

ተከራያችን በዕድር የማውቃቸው ትልቅ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ዲሲ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነድተዋል። ኋላ ላይ ኤርፖርት የሚያመላልሱ ሆኑ። ልጆቻቸውን አስተምረው፣ ድረው ጨርሰዋል። ከባለቤታቸው ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ለብዙ ጊዜ ኪራዩ በወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ እኔ ከሌሊት ሥራ ሳልመለስ ገብቶ ያድር ነበር።

ከዚያ ጉልበታቸው ታመመ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። መንዳት ቀረ። ኪራዩ መጀመሪያ ግማሽ ሆነ። ቀጥሎ «ትንሽ ጠበብ ብላብኛለች፣ ልጄ» የሚል ስልክ ሆነ። በመጨረሻ ስልኩም ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ኪራይ ሊጠይቅ ሄዶ ምሳ በልቶ የሚመለስ አከራይ የትም አገር ያለ አይመስለኝም፤ እኛ ጋ ግን አለ። ቅዳሜ ጠዋት ንግግሬን አዘጋጅቼ እሄዳለሁ። መኪና ውስጥ ደጋግሜ እለማመደዋለሁ። በሩን ባለቤታቸው ይከፍታሉ። «ውይ የኔ ልጅ! እንዴት ከሳህ!» ይሉኛል። ጫማዬን ሳላወልቅ ምጣዱ እሳት ላይ ነው። ጋሼ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ስለ ልጆቼ ትምህርት ይጠይቁኛል። ትሪው ይቀርባል። «ጋሼ፣ ያው የመጣሁበት ጉዳይ...» ማለት ስጀምር የእትዬ ጉርሻ አፌ ላይ ደርሷል። ጉርሻ አፍ ውስጥ እያለ ስለ ውዝፍ ኪራይ እንዴት ይወራል? አኝኬ እስክጨርስ ወሬው ወደ አገር ቤት ፖለቲካ ሄዷል። በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ ይዤ እወጣለሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ «እህስ፣ ከፈሉ?» ትለኛለች። ቆሎውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ።

ውዝፉ አምስት ወር፣ 11,500 ዶላር ሲደርስ ነገሩ ምግብ የሚሸፍነው መሆኑ አበቃ። ሞርጌጁ እኔን «ልጄ» ብሎ አይጠራኝም። ተጨማሪ ፈረቃ መግባት ጀመርኩ። የራሴን ልጆች ከማየው ይልቅ የምሠራበትን ሆስፒታል የዕቃ ሊፍት አየው ነበር።

ሳልጠብቅ ሽማግሌ ተላከብኝ። እኔ ገና ክፉ ቃል እንኳ አልተናገርኩም። ጋሼ ግን ነገሩ ሸቷቸዋል መሰለኝ። ሦስት ሰዎች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ መጡ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንደኛው የክርስትና አባቴ ባልንጀራ ናቸው። ብርቱካን ይዘው መጡ። ቡና ተፈላ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ስደት፣ ስለ መተሳሰብ፣ ጋሼ በጉብዝናቸው ዘመን አዲስ ለመጣ ስንቱን ኤርፖርት ሄደው እንደተቀበሉ ተናገሩ። ይህ እውነት ነው። ቢያንስ አምስት ሰው ይመሰክራል። ከዚያ «እስከ ፋሲካ ታገሣቸው» አሉኝ።

ታገሥኩ። ፋሲካ መጣ፤ ፋሲካ ሄደ።

በኋላ ሳስበው የገረመኝ ነገር አለ። ያን ሁሉ ሰዓት ስንነጋገር ዕዳው ስንት እንደሆነ የጠየቀኝ ሽማግሌ አልነበረም። ጋሼ በወር ስንት እንደሚያገኙ፣ ከፋሲካ በኋላ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀም የለም። ልጆቻቸው ያውቃሉ ወይ ያለም የለም። ሽማግሌዎቹ ሲሠሩ የቆዩት የሁለታችንን ፊት ማትረፍ ነበር። ለትዳር፣ ለወንድማማች ጠብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አልንቀውም። የወር ኪራይ ግን በየወሩ ይወለዳል። እርቁ ሳይደርቅ አዲስ ዕዳ ይመጣል።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ። «እኛ እኮ አሁን ሁሉ ነገር በወረቀት ሆኗል» አለችኝ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። እዚያ ወረዳ ሄደው ውል ያስመዘግባሉ፤ እኔ አሜሪካ ተቀምጬ በጉርሻ እተዳደራለሁ።

ደግነቱ የጽሑፍ ውል ነበረን። እሱም የባለቤቴ ሥራ ነው። «ዘመድ ቢሆኑ እንኳ ይፈርሙ» ብላ ያኔ ስትቆም እኔ አፍሬ ነበር። አንድ ሌሊት ውሉን፣ የካውንቲውን የኪራይ ፈቃድና ኮምፒውተሯን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችና «ና ቁጭ በል» አለችኝ።

ሕጉ ይህን ይላል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ ኪራይ አልተከፈለኝም ብሎ ከመክሰስ በፊት የአሥር ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት ግዴታ ነው። ማስጠንቀቂያው እንደፈለጉ የሚጽፉት ደብዳቤ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ያዘጋጀው ቅጽ አለ። የትኛው ወር፣ ስንት ብር፣ የዘገየበት ቅጣት ስንት፣ ተለይቶ ይሞላል። ቅጣቱ ካልተከፈለው ኪራይ 5 በመቶ ማለፍ አይችልም። ወደ ክሱ ስትሄድ ደግሞ አንተም ትጠየቃለህ። ቤቱ ባለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ የማከራያ ፈቃድ አለህ? ቁጥሩን አምጣ። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ነው? እንግዲያውስ የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) ቀለም ምዝገባው የታለ? ፈቃድ ሳይኖረው ቤዝመንት የሚያከራይ አበሻ ብዙ ነው። ያ ሰው ዳኛ ፊት ስለ ውዝፍ ኪራይ ቢያለቅስ ሰሚ የለውም።

ቅጹን ሞላን። ማስጠንቀቂያው በፖስታ ሊላክ ወይም በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል። በፖስታ ላክሁት። ግን በፖስታ ብቻ እንዲደርሳቸው አልፈለግሁም። ሌላውን ቅጂ ይዤ ሄድኩ። ያን ቀን ጫማዬን አላወለቅሁም። «ምሳ በልቼ ነው» አልኩ፤ ውሸቴን ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን ከሸሚዛቸው ኪስ አወጡ። አንዱ እግሩ በፕላስተር የተያዘ መነጽር ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው በጣት እየተከተሉ አነበቡት። ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አሥር ቀን ብቻ?»

«አይ ጋሼ። አሥር ቀኑ እንዲወጡ አይደለም። በአሥር ቀን ካልተከፈለ መክሰስ እችላለሁ ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከከፈሉ ይቀመጣሉ።»

«ልትከሰኝ ነው?»

«ካልተከፈለ፣ አዎ።»

«እኔን?»

መልስ አልነበረኝም። እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ አሉና ወረቀቱን አዩት፤ ተመልሰው ገቡ። ያን ቀን ቆሎ አልተሰጠኝም።

በሁለተኛው ቀን ማታ ከማላውቀው የቨርጂኒያ ቁጥር ተደወለልኝ። ሴት ልጃቸው ናት፤ ዉድብሪጅ ነው የምትኖረው። እናቷን ለማየት መጥታ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ አየችው።

«ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ነገርኳት።

«ሽማግሌ ተልኮ ነበር አሉኝ። ለምን ለኔ አልተነገረኝም?»

«እኔ ቁጥርሽም አልነበረኝም።»

ዝም አለች። «በትክክል ስንት ነው? ሳታሳንስ ንገረኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ስታለቅስ ሰማሁ። ከዚያ ራሷን ሰብስባ ወረቀቱ ላይ ያለውን እየጠቀሰች አንድ በአንድ ትጠይቀኝ ጀመር።

ጋሼ ለልጆቻቸው ምንም አልነገሩም ነበር። ያ ሁሉ ታገሥ፣ ያ ሁሉ ብርቱካን፣ ያ ሁሉ ጉርሻ ምስጢሩን ሲጠብቅላቸው ነው የከረመው። ልጅቷ ከአምስት ወር በፊት ብታውቅ ዕዳው 2,300 ሳለ ትደርስበት ነበር። ጨካኝ የተባለው ወረቀት ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ የሠራውን ሥራ እኛ ሁላችንም ተሰብስበን አልሠራነውም። በማግስቱ የካውንቲውን የመረጃ ስልክ 311 ደውላ ካውንቲው ለኪራይ የሚሰጠው እርዳታ እንዳለ ጠየቀች። ማመልከቻ አስገባች። ዕዳው ግን ተቆልሎ ነበር፤ የጋሼም ገቢ ለወደፊቱ ኪራይ እንደማይበቃ እሷም አየችው።

አሥር ቀኑ አለፈ። ከሰስኩ። ክፍያው ራሱ ቀላል አይደለም። ከ2024 መኸር ጀምሮ 8 ዶላር የነበረው ተጨማሪ ክፍያ 43 ገብቷል። በየወሩ መቶ ሰው የሚከስሱ ትልልቅ አፓርትመንቶችን ለመግታት ነው ይባላል። እኔ አንድ ሰው ነው የከሰስኩት፤ እሱንም እያመመኝ። መጥሪያው በጋሼ በር ላይ ተለጠፈ።

ቀጠሮው ሮክቪል ፍርድ ቤት ነበር። ቀድሜ ደረስኩ። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። የአፓርትመንት ኩባንያ ወኪሎች የፋይል ክምር በጋሪ እየጎተቱ ይገባሉ፤ እርስ በርስ በስም ይጠራራሉ። ለነሱ እንደ ማንኛውም ማክሰኞ ነው። እኔ በአንድ ሰማያዊ ፎልደር ላብ በላብ ሆኛለሁ። ጋሼ ሱፍ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ከልጃቸው ጋር መጡ። ክፍት የነበረው ብቸኛ ቦታ እኔ ያለሁበት አግዳሚ ላይ ነው። ብድግ አልኩላቸው። ተቀመጡ። ልጅቷ ጠበቃ ልትፈልግ ሄደች። አቅም የሌለው ተከራይ እንዲህ ባለ ክስ በነጻ ጠበቃ እንዲያገኝ ሜሪላንድ በ2021 ሕግ አውጥታለች፤ የማያውቀው ብዙ ነው እንጂ።

ከሳሽና ተከሳሽ ጎን ለጎን ዝም ብለን ተቀመጥን። ጋሼ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ እያዩ ድንገት፣

«ፓርኪንግ የት አቆምክ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ተበላህ! ከኋላ በኩል ሁለት መንገድ አልፈህ ብትሄድ ግማሹን ነበር የምትከፍለው።»

የሠላሳ ዓመት ባለ ታክሲ ናቸው። ዳኛ ፊት ልንቀርብ ስንል ስለ ፓርኪንግ ዋጋ መከሩኝ። ሳቄን ያዝኩት። እሳቸውም ከንፈራቸው ፈገግ ሲል አየሁ።

ውስጥ ያለው ነገር በደቂቃዎች አለቀ። የአማርኛ አስተርጓሚ ተመደበ፤ ክፍያ የለውም፤ ፍርድ ቤቱ ነው የሚያቀርበው። ዳኛዋ መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነው፤ ፈቃድህ የታደሰ ነው? ማስጠንቀቂያውን መቼ ሰጠህ? ቀጥለው ጋሼን ዕዳውን ያምኑ እንደሆነ ጠየቋቸው። አስተርጓሚው ሳይጨርስ ጋሼ በእንግሊዝኛ «የስ፣ ዩር ኦነር» አሉ። ልጅቷ ያገኘችላቸው ጠበቃ ለመውጫ ትንሽ ጊዜ ጠየቀች፤ ተስማማሁ። ቤቱ እንዲመለስልኝ ተፈረደ።

ስለዚህ ፍርድ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ከተፈረደም በኋላ ተከራዩ ያለበትን ሁሉ ከከፈለ ውሳኔው ይቆማል፤ እዚያው ይኖራል። ሸሪፉ (ፍርዱን የሚያስፈጽመው የካውንቲ ሹም) በሩ ላይ ቆሞ እንኳ ይሠራል። ይህን ዕድል የሚያጣው በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተፈረደበት ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ፍርድ ቤት ሲያወሩ «ገደል ነው» ይላሉ። እኔ ያየሁት ግን በየእርከኑ በር ያለው ደረጃ ነው። አንዱ በር ሲዘጋ ቀጣዩ የት እንዳለ በጽሑፍ ይነገራል።

ልቤ የወደቀው ከዚያ በኋላ ነው። ፍርድ ብቻ ማንንም አያስወጣም። ሰውየው ካልወጣ ቤቱን ለመረከብ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ አለ። ሸሪፍ ቀን ይሰጣል። አየሩ በጣም ከከፋ ይተላለፋል። በቀኑ ዕቃውን የሚያወጡ ሠራተኞች ይዞ መምጣት የአከራዩ ግዴታ ነው። ሸሪፉ ቆሞ ያያል፤ ተሸካሚ አይደለም። አንድ የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት ደወልኩ። ሰውየው በስልክ ስንት ክፍል እንደሆነ ጠየቀኝና «ዕቃው ወዴት ነው የሚሄደው?» አለኝ። «ወደ ውጭ» አልኩት። «ውጭ የት?» አለኝ። የጋሼ ሶፋ፣ የእትዬ መሶብ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ያለው የልጃቸው የምረቃ ፎቶ ሣር ላይ ተደርድሮ ታየኝ። ሰፈሩ ደግሞ ግማሹ አበሻ ነው። «መልሼ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ማመልከቻውን ግን አስገባሁ። ቀኑ ሲመጣልኝ ለልጅቷ ላክሁላት። «ከዚህ በፊት ከወጡ ሸሪፉ አይመጣም» ብዬ ጻፍኩላት። «ይገባኛል። ቅዳሜ እንወጣለን» ብላ መለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት ዩ-ሆል የተባለ የኪራይ ጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሄድኩ። ልሂድ አልሂድ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ባለቤቴ «ዕቃ መሸከም የሚያስጠላው አከራይ አትሁን» ብላ ጓንት ሰጠችኝ። እዚያ ስደርስ ሦስቱም ሽማግሌዎች አሉ! ሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ካርቶን ያወጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ወጣቶችም መጥተዋል። ትልቁ ሽማግሌና እኔ ሶፋው ላይ ተገናኘን፤ እሳቸው በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። የሚንቋቋው ደረጃ መሐል ላይ ስንደርስ ቆም አሉ።

«ጨከንክ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ።

«አባባ፣ እጄ ሊበጠስ ነው።»

«ይህን በሽማግሌ እንጨርሰው ነበር እኮ።»

ሶፋው ከባድ ነበር። አልመለስኩላቸውም። አሁን ብመልስ ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ በምን ያህል እና እስከ መቼ?

ጋሼ ቁልፉን በእጄ ሰጡኝ። ሁለቱን የበር፣ አንዱን የፖስታ ሳጥን። «የፖስታ ሳጥኗ ትጠብቃለች፤ ዘይት ቀባ አድርጋት» አሉኝ። እትዬ ሳሙኝ። ጋሼ አልሳሙኝም፤ ጨበጡኝ። አሁን ዉድብሪጅ፣ ልጃቸው ቤት ናቸው። ምድር ቤቱን አስተካክላላቸዋለች፤ ደረጃ የለውም፤ ለጉልበታቸውም ይሻላል ብላኛለች።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። ሲወጡ ውዝፉ ሰባት ወር ገብቶ ነበር። መጥሪያው በር ላይ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ ፍርዱ ቤቱን ነው እንጂ ገንዘቡን አያስመልስም፤ ለገንዘቡ ሌላ መንገድ መሄድ ያስፈልጋል። አልሄድኩም። ጋሼን ወለድ እያሰሉ ማሳደድ አልፈልግም። ግን ዕዳው የለም አላልኩም፤ እሳቸውም አላሉም።

የመያዣው ገንዘብ ጉዳይ ግን በሕግ የታሰረ ነው። ተከራይ በለቀቀ በ45 ቀን ውስጥ አከራዩ ወይ መመለስ ወይ ለምን እንዳስቀረ መጻፍ አለበት። 2,300 ዶላሩን ከነወለዱ ከውዝፉ ላይ ቀንሼ፣ ዝርዝሩን ጽፌ፣ በፖስታ ላክሁ። በዝርዝሩ ላይ ከቤቱ የጠፉ ዕቃዎችም ነበሩበት። ከመኝታ ቤቶቹ የተነቀሉ የመስኮት መጋረጃዎችን 140 ዶላር ብዬ አስገብቻለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ከወጡ ጀምሮ ጋሼ ራሳቸው ሲደውሉልኝ የመጀመሪያቸው ነው። ልቤ ደንገጥ አለ። ሰላምታ እንኳ በአጭሩ ነበር።

«መጋረጃዎቹን እኔ ነኝ የገዛኋቸው።»

«ጋሼ፣ ሲገቡ የነበሩት...»

«የነበሩት ቢጫ ነበሩ። ፀሐይ በልቷቸው። እኔ ነጭ ገዛሁ። ደረሰኙ አለ። የገዛሁትን ይዤ ብወጣ ምን ነውር አለው?»

«ቢጫዎቹስ የት ሄዱ?»

«ቤዝመንት፣ ከቦይለሩ ኋላ። ካርቶን ውስጥ። ጻፍኩበት እኮ!»

ስልኩን እንደያዝኩ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ቤት ነበር የምሄደው። ሄጄ አየሁ። ካርቶኑ አለ። በማርከር በትልቁ «የባለቤቱ መጋረጃ» ተብሎ ተጽፎበታል።

140 ዶላሩን ከዕዳው ላይ ሰርዤ ዝርዝሩን እንደገና ጻፍኩና በአደራ ፖስታ ላክሁላቸው።